ሊፍት መፍራት፦ ከጣርማበር ዋሻ እስከ ዘጠነኛ ፎቅ

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)

በካራቆሬ፣ በአጣዬ፣ በማጀቴ፣ በሸዋ ሮቢትና በመላው ይፋት የምትገኙ፣ ማሾና ማሽላ ማሳ ላይ ሆናችሁ፣ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ ወይም በደሴ መንገድ ላይ መሪ ጨብጣችሁ የምታዳምጡን ሁሉ፣ ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ።

የዛሬው ርእሳችን አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ያሰኝ ይሆናል። ስለ ሊፍት ፍርሃት ነው። "ካራቆሬ ላይ የት ያለ ሊፍት ነው የሚፈራው?" የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን እስቲ ቁጠሩ፤ ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ ያልሄደ፣ ለጉዳይ ቢሮ ለቢሮ ያልዞረ፣ ልጁን ወይም እህቱን ሊጠይቅ ፎቅ ቤት ያልገባ ስንት ሰው ቀረ? ዓረብ አገር ሄደው ሃያኛና ሠላሳኛ ፎቅ ላይ የሚሠሩት የይፋት ልጆችስ? ሊፍቱ ካራቆሬ ባይመጣም የካራቆሬ ሰው ሊፍቱ ጋ ደርሷል።

(አጭር ሙዚቃ)

በጣርማበር እንጀምር። ከካራቆሬ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ደብረ ሲናን አልፎ፣ ያንን አቀበት ጨርሶ፣ ዋሻው ውስጥ ይገባል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ የሠራው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። ከላይ ሙሉ ተራራ ተጭኖታል። መሃል ላይ መውጫ በር የለውም።

ታዲያ አውቶቡስ ውስጥ "አውርዱኝ፣ ተራራውን በእግሬ ዞሬ ልምጣ" የሚል ተሳፋሪ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ያው ሰው አዲስ አበባ ይገባል። መብራት የበራበት፣ መስታወት ያለበት፣ ንጹሕ የሆነ ትንሽ ክፍል በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። ሰውየው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ለምን? ጨለማውን ዋሻ ያልፈራ ሰው ብሩሁን ሊፍት ለምን ይፈራል? ይህን ጥያቄ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

(የሊፍት ደወል ድምፅ)

እስቲ አሁን አንዲት እናት እናስብ። ከካራቆሬ መጥታ፣ አዲስ አበባ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖረውን ልጇን ልትጠይቅ ነው። በአንድ እጇ ማሾ የያዘ ፌስታል፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ በርበሬ ይዛለች። ልጇ ቁልፉን ይጫናል፤ በሩ ለሁለት ተከፍሎ ወደ ጎንና ወደ ጎን ይሄዳል። "ግቢ እማዬ" ይላታል።

እሷ የምታየው ግን ልጇ የማያየውን ነው። በሕንፃው ወለልና በሊፍቱ ወለል መካከል ሁለት ጣት የማይሞላ ክፍተት አለች። ከክፍተቷ ሥር ጨለማ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ሽው ይላል። ልጇ በየቀኑ ረግጧት ያልፋል። እናቱ ግን ዓይኗ እዚያችው ላይ ተተክሏል። ደግሞ በሩ ማንም ሳይነካው መልሶ ሊዘጋ ይጀምራል፤ ልጅየው እጁን ሰዶ ያስቆመዋል፤ በሩ ይመለሳል። ይሄኔ ነገሩ ያለቀለት ነው።

"ኧረ ልጄ፣ አንተ በዚህ ሂድ። እኔ በእግሬ እመጣለሁ።"

ጥበቃው "እማማ፣ ይግቡ፣ ምንም አይሆኑም" ይላል። ከኋላ የሚጠብቁት ሰዎች ሰዓታቸውን ያያሉ። እናት ነጠላዋን አጣፍታ ደረጃውን ትያያዘዋለች። አምስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷን ይዛ ትቀመጣለች። ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ይስቃል፤ እሷም አብራ ትስቃለች፤ በማግስቱ ግን ከቤት መውጣት አትፈልግም።

ይህች እናት ፈሪ ናት? በክረምት የወንዝ ሙላት ተሻግራ ገበያ የምትውል ሴት ናት! ፍርሃቷ ከወኔ ማነስ የመጣ አይደለም። ይህን ነጥብ በደንብ ያዙልን፤ ሊፍት መፍራት የወኔ ጉዳይ አይደለም።

በአዲስ አበባ ዱሮ ይህ ጣጣ ለብዙ ሰው አልነበረም። ባለ አራት ፎቁ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለውም፤ ሰው ደረጃውን እያማረረም ቢሆን ይወጣዋል። በኋላ የመጡት የ40/60 ቤቶች ግን ከዚያ የረዘሙ ናቸው። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የቆመውና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ደግሞ ቁመቱ ከ200 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ባለ ሕንፃ ጫፍ ጉዳይ ያለው ሰው "በደረጃ እወጣለሁ" ቢል ቢሮው ምሳ ይዘጋበታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አድማጮች፣ ሊፍት የሚፈራ ሰው በሩ ሲከፈት ሰውነቱ ውስጥ ምን ይሆናል?

ልቡ ድው ድው ይላል። መዳፉን ያልበዋል። ጉልበቱ ይከዳዋል። አንጎል "አደጋ መጣ" ብሎ ደወል ሲደውል፣ አድሬናሊን የሚባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይረጫል፤ ሰውነት ለመሮጥ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ጅብ ቢመጣ ይህ ዝግጅት ሕይወት ያድናል። ሊፍት ውስጥ ግን መሮጫም የለ፣ የሚታገሉትም የለ። ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ራሱ ይዞራል፣ ጣቶቹን ይነዝረዋል። ያን ጊዜ "አየር አለቀ፣ ልሞት ነው" ይላል። አየሩ ግን አላለቀም። ያዞረው የራሱ ፈጣን አተነፋፈስ ነው።

ይህ የፍርሃት ማዕበል በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርስና መውረድ ይጀምራል። ሁልጊዜም ይወርዳል። ቡና ደጋግሞ የጠጣ ወይም ጫት የቃመ ሰው ልቡ ቀድሞውኑ ስለሚፈጥን ማዕበሉ ሊከብደው ይችላል፤ ጉዳይ ባለበት ቀን ቀነስ ማድረግ አይከፋም። ደረቱን የሚወጋው፣ ትንፋሹ የሚያጥረው ሊፍት በሌለበትም ጊዜ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላልና ጤና ጣቢያ ይሂድ።

አሁን ወደ ዋሻው ጥያቄ እንመለስ። ዝግ ቦታን በመፍራት ላይ ብዙ ያጠናው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ራክማን ይህን ፍርሃት ለሁለት ከፍሎ ያየዋል። አንደኛው የመታፈን ፍርሃት ነው፤ "አየር ያጥረኛል" የሚለው። ሁለተኛው የመታገድ ፍርሃት ነው፤ "ልውጣ ብል መውጣት አልችልም" የሚለው። ጣርማበር ላይ ሾፌሩ ፊት ለፊት ይታያል፣ ረዳቱ ይጮኻል፣ ጎረቤት አለ፣ መስኮት አለ፣ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። ሊፍት ውስጥ ሾፌር የለም። በሩ ራሱ ይዘጋል፣ ራሱ ይከፈታል። የት ላይ እንዳለህ የምትነግርህ አንዲት ቀይ ቁጥር ብቻ ናት። ከጨለማውና ከጥበቱ ይልቅ ሰውን የሚያስጨንቀው መሪው በማን እጅ እንዳለ አለማወቁ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ሊፍት የሚፈሩ ሰዎችን "ምኑን ነው የምትፈሩት?" ብትሏቸው አብዛኞቹ ከሦስቱ አንዱን ይነግሯችኋል። ገመዱ ቢበጠስስ? መብራት ቢሄድስ? አየር ቢያልቅስ? ሦስቱንም እንያቸው። ትልቁ ፍርሃት ገመዱ ነውና እሱ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ገመዱን የፈራነው እኛ ብቻ አይደለንም። ከ170 ዓመት በፊት አሜሪካኖችም ሰው በገመድ በተንጠለጠለ ነገር አይወጣም ብለው ነበር። ዕቃ ይጭኑበታል፤ ሰው ግን አይሳፈርም። ገመዱ ይበጠስ ነበራ!

በ1854 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ከተማ ኤግዚቢሽን ላይ ኤሊሻ ኦቲስ የሚባል ሰው ይህን ፍርሃት በአደባባይ ፈተነው። ክፍት መድረክ ላይ ቆሞ ሕዝብ እያየው በገመድ ወደ ላይ ተሳበ። ከዚያ ከራሱ በላይ ያለውን ገመድ በመጥረቢያ አስቆረጠው። ሕዝቡ ጮኸ። መድረኩ ግን ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀጥ አለ።

ምን ነበር የያዘው? የደሴ መንገድ ሾፌሮች፣ ይህቺ ለናንተ ናት፦ ባሌስትራ! ኦቲስ ከመድረኩ አናት ላይ የጋሪ ባሌስትራ አስሮ ነበር። ገመዱ መድረኩን ተሸክሞ እስካለ ድረስ ባሌስትራው ጎብጦ ይቆያል። ገመዱ ሲበጠስ ባሌስትራው ይዘረጋና ጫፎቹ ግራና ቀኝ ባሉት ጥርስ ባላቸው ሐዲዶች ውስጥ ይሰካሉ። አለቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1857 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ጎዳና ላይ በነበረ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ የኦቲስ የሰው ሊፍት ሥራ ጀመረ።

የዛሬው ሊፍት ከዚያ በብዙ ይሻላል። የተንጠለጠለው በአንድ ገመድ አይደለም፤ በብዙ የብረት ገመዶች ነው። ገመዶቹ ደግሞ ከሚሸከሙት ክብደት ብዙ እጥፍ እንዲችሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። ሳጥኑ ከተወሰነለት ፍጥነት ካለፈ አንድ ተቆጣጣሪ ይነቃና ከሳጥኑ ጋር ያሉት መያዣዎች ሐዲዱን ጨምድደው እንዲይዙ ያደርጋል። ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በገመዱ በሌላኛው ጫፍ ከባድ የሚዛን ብረት ተንጠልጥሏል፤ ሳጥኑ ሲወጣ እሱ ይወርዳል። ብረቱ ከባዶው ሳጥን ይከብዳል። ስለዚህ ብቻችሁን የገባችሁበት ሊፍት ፍሬኑ ቢለቅ እንኳ የሚያዘነብለው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው!

"ተበጥሶ የወደቀ የለም ወይ?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አለ። ታሪኩ ግን ሰምታችሁት እፎይ የምትሉበት ነው። ሐምሌ 28 ቀን 1945 እ.ኤ.አ. አንድ የጦር አውሮፕላን በጭጋግ ውስጥ መንገድ ስቶ ኤምፓየር ስቴት የተባለውን የኒው ዮርክ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ መታ። ቤቲ ሉ ኦሊቨር የምትባል የሊፍት ሠራተኛ ቆሰለች። ሊያወርዷት ሌላ ሊፍት ውስጥ ሲያስገቧት አውሮፕላኑ የጎዳቸው ገመዶች ተበጠሱ፤ 75 ፎቅ ያህል ወደቀች። ክፉኛ ተሰባበረች፣ ግን ተረፈች። ሊፍት እንዲህ እንዲወድቅ የጦር አውሮፕላን ሕንፃውን መግጨት ነበረበት።

(አጭር ሙዚቃ)

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መብራት ቢሄድስ?

ይህ ጥያቄ ለኛ አገር ሰው የዕለት ጉዳይ ነው። መብራት ይሄዳል። ሊፍቱ ቀጥ ይላል። ውስጡ ይጨልማል ወይም አንዲት ትንሽ አምፖል ብቻ ትቀራለች። አንዱ "በስመ አብ" ይላል፣ ሌላው "ቢስሚላሂ" ይላል፣ ሦስተኛው ስልኩን ያበራል።

ሊፍቱ ይወድቃል? አይወድቅም። የሊፍት ፍሬን ለመልቀቅ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፤ ለመያዝ ግን ምንም አይፈልግም። መብራት ሲጠፋ ስፕሪንጉ ፍሬኑን ይዘጋዋል። አሁንም የከባድ መኪና ሾፌሮች ምስክር ናቸው፤ የአየር ፍሬን አየሩ ሲያልቅ የኋላውን ጎማ ይቆልፋል እንጂ አይለቅም። ይኸው ነው። ደግመን እንበለው፦ መብራት ሲሄድ ሊፍት ይቆማል፤ አይወድቅም። ብዙ ሕንፃ ጄኔሬተር አለው፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ነው። አንዳንዱ ሊፍት ደግሞ ሳጥኑን በቅርብ ወዳለው ፎቅ አድርሶ በሩን የሚከፍት ባትሪ አለው።

ሦስተኛው፣ አየር ቢያልቅስ? ሊፍት የታሸገ ቆርቆሮ አይደለም። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች አሉት፤ በበሩ ጠርዝም አየር ይገባል። ሊሞቅ ይችላል፣ የሰው ላብ ሊሸት ይችላል፤ አየር ግን አያልቅም።

ታዲያ ሊፍት አደጋ የለውም ማለታችን ነው? የለም። አደጋ አለው፤ አደጋው ግን ሰው የሚፈራበት ቦታ ላይ አይደለም።

አደጋው በሩ ላይ ነው። ሊፍት በሁለት ፎቅ መካከል ሲቆም አንዳንድ ጎበዝ በሩን በጉልበት ፈልቅቆ ሊዘል ይነሳል። ሳጥኑ ድንገት ሊንቀሳቀስ ይችላል፤ ወይም ሰውየው ሲዘል እግሩ ከሥር ባለው ክፍት ጉድጓድ ይገባል። ፍርሃት የሚያመጣው ጉዳት ይሄኛው ነው። ከውጭ ሆኖም ቢሆን በሩ ተከፍቶ ሳጥኑ ያልመጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ወለሉን እዩ፤ ያቺ ወለሉን የምታየው የካራቆሬ እናት በዚህ ረገድ ከልጇ ትበልጣለች።

ሌላው ጭነት ነው። ሊፍቱ ውስጥ "8 ሰው፣ 630 ኪሎ" የሚል ጽሑፍ ታገኛላችሁ፤ ቁጥሩ እንደ ሊፍቱ ይለያያል። ዘጠነኛው ሰው "ጠጋ ጠጋ በሉ" ብሎ ሲገባ ደወሉ ይጮኻል፣ በሩ አልዘጋም ይላል። ሁሉም ሰው ዘጠነኛውን ያያል፤ ዘጠነኛው ኮርኒሱን ያያል። እባካችሁ ዘጠነኛ ከሆናችሁ ውረዱ።

እዚህ ላይ ለሕንፃ ባለቤቶችም አንድ ነገር እንበል። ሊፍት በየጊዜው ካልታየ፣ ካልተጠገነ፣ ውስጡ የተለጠፈው ስልክ ሲደወል የሚያነሳው ከሌለ፣ ሰው መፍራቱ አያስወቅሰውም። ቴክኒሻን ጠርቶ ማሳየት ሲገባ በሩ ላይ "አይሠራም" የሚል ወረቀት ለጥፎ ወር መክረም የተለመደ ሆኗል። ሕዝቡ ሊፍት እንዲያምን የሚፈልግ ባለ ሕንፃ መጀመሪያ ራሱ ይታመን።

(አጭር ሙዚቃ)

ሊፍት ውስጥ ስትሆኑ ቢቆምባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? በሩን አትንኩት። የደወል ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ፈልጋችሁ ያዝ አድርጉት። ስልክ ካላችሁ ውጭ ላለ ሰው ደውሉ፤ የሕንፃውን ስምና የቆማችሁበትን ፎቅ ንገሩት። ግድግዳውን ተደግፋችሁ ተቀመጡ። ትንፋሻችሁን ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ስታወጡት ደግሞ ከሳባችሁበት አርዝሙት። አብሯችሁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ካለ አነጋግሩት፤ ከየት እንደመጣ፣ ስንት ልጅ እንዳለው ጠይቁት። በሩን የሚከፍተው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይሁን። ይህን አንዴ እንድገመው፦ በሩን አትንኩት፣ ደወሉን ተጫኑ፣ ተቀመጡ።

(የደወል ድምፅ፣ አጭር ዝምታ)

ይሄ ሁሉ ዕውቀት ፍርሃቱን ያጠፋዋል? ብዙውን ጊዜ አያጠፋውም። ስለ ፍሬኑና ስለ ገመዱ ሁሉን የሚያውቅ መሐንዲስ ሊፍት በር ላይ ሊያልበው ይችላል። እንዲህ ያለውን ፍርሃት ባለሙያዎች ፎቢያ ይሉታል፤ ሰውየው ራሱ "ፍርሃቴ ከልክ ያለፈ ነው" እያለ እንኳ ሰውነቱ አይሰማውም።

ፍርሃቱን የሚያሳድገው ምን መሰላችሁ? ደረጃው ነው። ሰውየው በሩ ላይ ደርሶ ወደ ደረጃ ሲዞር ልቡ ወዲያው ይረጋጋል። አንጎሉ "አየህ፣ ባለመግባትህ ተረፍክ" ብሎ ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ፍርሃቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ይጠብቀዋል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሥራ የሚመርጥ፣ ቀጠሮ የሚሰርዝ፣ "ቢሮው ስንተኛ ፎቅ ነው?" ብሎ ሳይጠይቅ ከቤት የማይወጣ ሰው ይሆናል።

መፍትሔው የተገኘው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን አጋጠማት። ልጁ የሚወደውን ምግብ እየበላ ጥንቸሏን ከክፍሉ ጥግ አስቀመጠችለት። ሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ አደረገቻት። ሌላ ቀን ደግሞ ትንሽ ቀረብ። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏን በእጁ ዳበሳት። በ1950ዎቹ ደቡብ አፍሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ዎልፒ ይህንኑ መንገድ ለአዋቂዎች ሕክምና አደረገው። ዛሬም ለፎቢያ ከሁሉ በላይ የሚሠራው ይኸው ቀስ በቀስ የመቅረብ ሕክምና ነው።

ለካራቆሬዋ እናት እንዴት ይደረግላት? መጀመሪያ ቀን አትገባም። ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ ጠዋት ረፋዱ ላይ፣ በሩ አጠገብ ወንበር ይደረግላትና ትቀመጥ። በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሰው ሲገባና ሲወጣ ትመልከት፤ እስክትሰለች ድረስ። ከዚያ ልጇ ሁለት ቀስት ወደ ጎንና ወደ ጎን የሚያሳየውን ቁልፍ ተጭኖ በሩን ክፍት ያድርግላት፤ ገብታ ትቁም፤ ትውጣ። ከዚያ አንድ ፎቅ ብቻ። ቁልፉን የምትጫነው እሷ ትሁን፤ መሪው በእጇ ይሁን። ልቧ ድው ድው ሲል ወዲያው እንዳትወርድ፤ ማዕበሉ እስኪበርድ እየወጣች እየወረደች ትቆይ። ሲበርድ ነው አንጎሏ አዲሱን ነገር የሚመዘግበው። ቀጥሎ ሁለት ፎቅ፣ ቀጥሎ አራት። በመጨረሻ ብቻዋን።

ቤተሰብ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሥራችሁ አንድ ነው። አትሳቁ፤ ጎትታችሁም አታስገቡ። ተጎትቶ የገባ ሰው ፍርሃቱ እጥፍ ሆኖ ይወጣል።

በራስ ጥረት አልሆን ሲል ሐኪም አለ። ከጤና ጣቢያ ተነስቶ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ማጻፍ ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ከጣሊያን ዘመን ጀምሮ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። "አማኑኤል ገባ" መባልን የሚፈራ ሰው ብዙ እንደሆነ እናውቃለን። ፎቢያ ግን እብደት አይደለም፤ ሕክምናውም በአብዛኛው በንግግርና በልምምድ እንጂ በመርፌ አይደለም። ጠበልም ሆነ ዱዓ የሚያጽናናው ሰው በዚያው ይጽና፤ ልምምዱ ከጸሎት ጋር አይጣላም።

(ሙዚቃ፤ ትንሽ ረዘም ብሎ)

አሁን ደግሞ በተለይ ለካራቆሬና ለማጀቴ አድማጮቻችን የያዝነው ጉዳይ አለ። እስካሁን "ሊፍት አትፍሩ" ስንል ቆየን። ሊፍት ፈጽሞ የማይገባበት ጊዜ ግን አለ፦ እሳት ሲነሳና ምድር ስትንቀጠቀጥ።

ምድር ስትንቀጠቀጥ ምን እንደሚመስል ለካራቆሬ ሽማግሌዎች ማስረዳት አያስፈልግም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጀመረው ንውጥውጥታ ለወራት ቆየ። ግንቦት 24 ቀን የደረሰው ትልቁ መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሳት፣ ካራቆሬን ክፉኛ ጎዳት፤ አዲስ አበባ ድረስም ተሰማ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያን የመሠረቱት ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ሰፊ ቦታ ሰጥተውታል። በሳይንሱ ዓለም እስከ ዛሬ የሚጠራው "የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ" ተብሎ ነው።

ያኔ ሰዉ ከጎጆና ከጭቃ ቤት ሮጦ ሜዳ ይወጣ ነበር። ዛሬ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ አሥረኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ሲደርስ ከሁሉ በላይ የተሰማው ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ ላሉት ነበር። መስከረም 26 ማታ ብዙ ሰው ደንግጦ ደጅ ወጣ።

በእንዲህ ያለ ሰዓት ሊፍት የሚከለከለው ገመዱ ይበጠሳል ተብሎ አይደለም። ሕንፃው ሲወዛወዝ ሳጥኑ ሐዲዱ ላይ ሊነክስ፣ ኤሌክትሪክ ሊቋረጥ፣ ሰዉም በመሃል ሊታገት ስለሚችል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የጃፓኗ ኦሳካ ከተማ ስትንቀጠቀጥ ብዙ ሰው ሊፍት ውስጥ ተይዞ ቆይቷል። ጃፓኖች የመጀመሪያዋን ቀላል ንዝረት ሰምቶ ሳጥኑን በቅርብ ፎቅ የሚያቆም መሣሪያ እያላቸው እንኳ ነው ይህ የሆነው።

ስለዚህ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ወደ ሊፍቱ አትሩጡ፤ እየተንቀጠቀጠም ደረጃ ላይ አትጋፉ። ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ከመስታወት ራቁ፣ ራሳችሁን ሸፍኑ። ሲቆም በደረጃ ውረዱ። ሊፍት ውስጥ እያላችሁ ከጀመረ ደግሞ የሁሉንም ፎቅ ቁልፎች ተጫኑ፤ መጀመሪያ በተከፈተው ፎቅ ውጡ። አሥረኛ ይሁን ሦስተኛ አትምረጡ። ካልተከፈተ ያ የነገርናችሁ ይሠራል፤ በሩን አትንኩት፣ ደወሉን ተጫኑ፣ ተቀመጡ።

መንቀጥቀጡ ካለፈ በኋላ ሊፍቱ መብራቱ ቢበራም ወዲያው አትግቡ። ቴክኒሻን ገመዱን፣ ሐዲዱንና የሚዛን ብረቱን አይቶ "ይሠራል" እስኪል በደረጃ ተመላለሱ። ጥበቃው "ግቡ፣ ችግር የለውም" ቢላችሁ "ማን አየው?" ብላችሁ ጠይቁት።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ይህን ያህል ነበር። ሊፍት በር ላይ ያጋጠማችሁን ጻፉልን፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እናነበዋለን። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)